የጠጅ እርሾ ለምን ሥራውን ያቆማል?
በእርሾ ሕዋስ ውስጥ የምግብ ልውጠት ሲዛባ የሚደርሰው ጉዳትና መከላከያው

መግቢያ

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በንብ እርባታ አካባቢ ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና ማራቸውን በጠጅ መልክ ለገበያ ለሚያቀርቡ የሕብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ማኅበራት ከሚያቀርቡልን ጥያቄዎች መካከል ተደጋግሞ የሚመጣው የሚከተለው ነው። «ጠጁ በመጀመሪያው ሳምንት በደንብ ፈላ፤ ከዚያ በኋላ ግን ፀጥ አለ። ሲቀመስ ገና ብርዝ ብርዝ ይላል፤ ጥቂት ቀን ስናቆየው ደግሞ ኮመጠጠ። ምን እናድርግ?» የሚል ነው።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። አንድ ማኅበር በአንድ ጊዜ 50 ሊትር ማር ቢጥል 70 ኪሎ ግራም ያህል ማር በአንድ ጊዜ አደጋ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ይህ የብዙ ቀፎዎች የአንድ ወቅት ምርት ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በጌሾው፣ በጋኑ ወይም በጠጅ ጣዩ እጅ ላይ ይለጠፋል። ጉዳዩ በቅርብ ሲመረመር ግን በአብዛኛው የሚገኘው ምክንያት ሌላ ነው፤ ይኸውም እርሾው ተርቦ፣ ታፍኖ፣ ሞቆት ወይም ሰክሮ መሥራት ስላቃተው ነው። ስለዚህ መፍትሔውን ለማግኘት በመጀመሪያ የእርሾን አኗኗር ማወቅ ያስፈልጋል።

1. እርሾ ምንድን ነው?

እርሾ በዓይን የማይታይ፣ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ሕይወት ያለው ፍጡር ነው። የአንዱ ሕዋስ ስፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ አያልፍም። የሚራባው ከጎኑ እንደ እንቡጥ ትንሽ ልጅ እያወጣ ነው። በጠጅ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ዋናው ዓይነት ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ ይባላል፤ የዳቦ እርሾም የዚሁ ወገን ነው። ጠጅ ጣዮቻችን ይህን እርሾ ከውጭ ሳይገዙ ካልተጣራ ማር፣ ከጌሾና ቀደም ሲል ጠጅ ከነበረበት ጋን ያገኙታል።

ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር የሚበላውን ወደ ኃይልና ወደ አካል ይለውጣል። ይህ በሕዋስ ውስጥ የሚካሄደው ሥራ የምግብ ልውጠት ወይም ሜታቦሊዝም ይባላል። ሥራውን የሚያከናውኑት ኢንዛይሞች የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር እ.ኤ.አ. በ1897 እርሾን ፈጭቶ በማጥለል ሕዋስ የሌለበት የእርሾ ጭማቂ ስኳርን ወደ አልኮል ሊለውጥ እንደሚችል አሳየ። ከዚያ ወዲህ መፍላት ማለት የኢንዛይሞች ሥራ መሆኑ ታውቋል።

2. ጤነኛ እርሾ እንዴት ይሠራል?

እርሾ ስኳሩን ከብርዙ ውስጥ የሚያስገባው በቆዳው ላይ በተተከሉ ልዩ በሮች አማካይነት ነው። ስኳሩ ከገባ በኋላ እርስ በርሳቸው የሚቀባበሉ ኢንዛይሞች ደረጃ በደረጃ ይሰባብሩታል። በመጨረሻው አካባቢ ሁለት ቁም ነገሮች ይፈጸማሉ። አንደኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ይወጣል፤ በጋኑ ላይ የምናየው አረፋ ይህ ነው። ሁለተኛው የቀረው ክፍል አልኮል ይሆናል። በስሌት 100 ግራም ስኳር 51 ግራም ያህል አልኮልና 49 ግራም ያህል ጋዝ ይሰጣል።

እርሾው ይህን የሚያደርገው ለእኛ ብሎ አይደለም፤ የራሱን ኃይል ለማግኘት ነው። ኃይሉ የሚጠራቀመው ኤቲፒ በሚባል ንጥረ ነገር ነው። አየር በሌለበት ከአንዲት የስኳር ቅንጣት የሚያገኘው ትርፍ 2 ኤቲፒ ብቻ ነው። አየር ሲኖርና ሕዋሱ ሲተነፍስ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ያገኛል። ስለሆነም በጋን ውስጥ ያለ እርሾ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ድሃ ሠራተኛ ነው። በጥቂት ገቢ ይራባል፣ ቆዳውን ይጠግናል፣ የገባበትን አሲድ እያስወጣ ይጥላል። ከነዚህ ሥራዎች አንዱ ወጪ ሲበዛበት ሌላው ይጎድላል። የልውጠት መዛባት ማለትም ይኸው ነው።

3. ልውጠቱን የሚያዛቡ ምክንያቶች

ሀ. የብርዙ መወፈር

«ማርም ሲበዛ ይመራል» እንደሚባለው ከመጠን በላይ የወፈረ ብርዝ ለእርሾው ጠላት ነው። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 1.1 ኪሎ ግራም ያህሉ ስኳር ነው። አንድ ሊትር ማር በ3 ሊትር ውሃ ሲበረዝ በእያንዳንዱ ሊትር ብርዝ ውስጥ 280 ግራም ያህል ስኳር ይኖራል። በ4 ሊትር ውሃ ሲሆን 225 ግራም ያህል፣ በ5 ሊትር ውሃ ሲሆን ደግሞ 185 ግራም ያህል ይሆናል። አንድ በመቶ አልኮል ለማግኘት በሊትር 17 ግራም ያህል ስኳር ስለሚያስፈልግ፣ የመጀመሪያው ብርዝ ሙሉ በሙሉ ቢፈላ ከ16 በመቶ በላይ አልኮል ሊሰጥ ነው። ተራ እርሾ ግን አልኮሉ ወደ 12 በመቶ ሲጠጋ መዳከም ይጀምራል። እንግዲህ በዚህ መጠን የተበረዘ ጠጅ ሳይጨርስ ቢቆም የሚያስገርም አይደለም።

ሌላም ጉዳት አለ። ወፍራም ብርዝ ከሕዋሱ ውስጥ ውሃን ይመጥጣል። ሕዋሱ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን የሚባል ጣፋጭ ነገር እየሠራ በውስጡ ያጠራቅማል። ግሊሰሪን በሚሠራበት ጊዜ የሕዋሱ የሂሳብ ሚዛን ስለሚናጋ፣ ሚዛኑን ለመመለስ የኮምጣጤ አሲድ ያወጣል። ስለዚህ በወፈረ ጥንስስ ላይ የኮምጣጤ ጣዕም ሲሰማ ምንጊዜም «ባዕድ ተሕዋስ ገባበት» ማለት ተገቢ አይደለም፤ የገዛ እርሾው ከጭንቀት የተነሣ ያወጣው ሊሆን ይችላል።

ለ. የናይትሮጅን ረሃብ

ማር ስኳር የሞላበት ቢሆንም ፕሮቲኑ በጣም ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በመቶ አይበልጥም። እርሾ ደግሞ ኢንዛይሞቹንና የስኳር በሮቹን የሚሠራው ናይትሮጅን ካለበት ምግብ ነው። ናይትሮጅን ሲያልቅበት አርጅተው የፈረሱትን በሮች በአዲስ መተካት ያቅተዋል። ውጤቱም እንግዳ ነገር ነው፤ እርሾው በስኳር ባሕር ውስጥ ተነክሮ በረሃብ ይሞታል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ የተራበ የእርሾ ሕዋስ የራሱን የውስጥ አካል እየፈጨ እንደሚበላ ካሳዩት ሰዎች ዋናው ሲሆኑ፣ ለዚሁ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

የናይትሮጅን ረሃብ በአፍንጫ ይታወቃል። እርሾው ድኝን ከናይትሮጅን ጋር አዋሕዶ ለአካሉ ማዋል ሲያቅተው ድኙ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ይህ ሽታ ሲመጣ ጋኑ ቆሽሿል ብሎ ከመደምደም በፊት እርሾው ተርቦ እንደሆነ መመርመር ይገባል።

ከዚህ አኳያ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ልማድ ትክክል ነበር ማለት እንችላለን። ሰሙ፣ የአበባ ዱቄቱና ሰፈፉ ያልተለየለት ድፍድፍ ማር ለጠጅ ይመረጣል፤ ምክንያቱም የአበባ ዱቄት ለእርሾው የፕሮቲን፣ የቫይታሚንና የማዕድን ምንጭ ነው። የተጣራና የነጠረ ማር ለገበታ ቢያምርም ለጥንስስ ግን ደካማ ምግብ ነው። በማር ፋንታ ስኳር ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። ነጭ ስኳር ናይትሮጅንም፣ ቫይታሚንም፣ ማዕድንም የለውም። የማርን ዋጋ ለመሸሽ ግማሹን በስኳር የሚተኩ ጠማቂዎች ጠጃቸው ቶሎ የሚቆመው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

ሐ. የቫይታሚንና የማዕድን ማነስ

አንዳንድ ኢንዛይሞች ያለ ረዳት አይሠሩም። ጋዙን የሚለየው ኢንዛይም ቫይታሚን ቢ 1ን ይፈልጋል፤ አልኮሉን የሚሠራው ደግሞ ዚንክን ይፈልጋል፤ ሌሎችም ማግኒዚየም ያስፈልጋቸዋል። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ሥራው ከመንገድ ላይ ይቆማል። በሰልፍ ድንጋይ ከሚቀባበሉ ሠራተኞች አንዱ እጁን ቢያጥፍ ሰልፉ በሙሉ እንደሚቆም ማለት ነው።

መ. በመጀመሪያ አየር ማጣት

ብዙ ሰው መፍላት አየር አይፈልግም ብሎ ያምናል። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። አልኮል የሚሠራው ያለ አየር ቢሆንም፣ የእርሾው ቆዳ የሚጠነክርባቸውን ልዩ የስብ ዓይነቶች ለመሥራት ግን ጥቂት ኦክስጅን የግድ ያስፈልጋል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1953 እና በ1954 በወጡ ጥናቶች ተረጋግጧል። በመጀመሪያው ቀን አየር ያላገኘ እርሾ ቆዳው ስስ ይሆናል። አልኮሉ ሲበዛ በስሱ ቆዳ በኩል አሲድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሕዋሱም ያችን ጥቂት ኃይሉን አሲድ በማስወጣት ይጨርሳል። ጠጁ መጨረሻው ላይ የሚቆመው በመጀመሪያው ቀን በተፈጸመ ጉድለት ነው ማለት ነው።

ሠ. ሙቀትና ብርድ

ለጠጅ እርሾ የሚስማማው ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ሙቀት ነው። በደጋ አገር ሌሊት ብርዱ ሲበረታ የእርሾው ቆዳ ይደርቃል፤ በሮቹም ይዘገያሉ። ይህ ግን እንቅልፍ እንጂ ሞት አይደለም፤ ሲሞቅ ይነሣል። ከ35 ዲግሪ በላይ ያለው ሙቀት ግን ኢንዛይሞችን ያበላሻል፤ አልኮል ሲጨመርበት ጉዳቱ ይበረታል። ጥንስሱ ራሱ ሲፈላ ሙቀት ስለሚያወጣ ትልቅ በርሜል ከትንሽ ጋን ይልቅ እንደሚሞቅ መዘንጋት የለበትም። የተቀቀለ ጌሾን ከነትኩሳቱ በጥንስሱ ላይ መገልበጥ ደግሞ እርሾውን በፈላ ውሃ መግደል ነው።

ረ. የአሲድ መብዛት

ማር በተፈጥሮው አሲድ አለበት፤ ብርዝ ደግሞ የአሲድን ለውጥ የመቋቋም ችሎታው አነስተኛ ነው። እርሾው ሲሠራ ተጨማሪ አሲድ ስለሚያወጣ ብርዙ በጥቂት ቀናት ውስጥ በጣም ሊኮመጥጥ ይችላል። የኮምጣጤ አሲድ ከሌላው የከፋ ነው፤ ወደ ሕዋሱ ውስጥ በቀላሉ ሰርጎ ገብቶ ውስጡን ያኮመጥጠዋል።

ሰ. ያረጀ እርሾ ደጋግሞ መጠቀም

በእርሾ ሕዋስ ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ የመተንፈሻ ክፍሎች አሉ። በፈረንሳይ አገር ቦሪስ ኤፍሩሲ እ.ኤ.አ. በ1949 ከዳቦ እርሾ መካከል አንዳንዶቹ ትናንሽ መንጋ ብቻ እንደሚሠሩ አስተዋለ፤ ምክንያቱም መተንፈስ የማይችሉ ሆነው ተገኙ። እንዲህ ያለ ሕዋስ ስኳር ማፍላት ቢችልም ዕድገቱ ደካማ ነው፤ አልኮልንም አይችልም። ጉድለቱ ከእናት ሕዋስ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ሙቀትና አልኮል ደግሞ ይህን ጉድለት ያበዙታል። ስለሆነም ከቆመ ወይም በሙቀት ከተጎዳ ጠጅ የተገኘ አምቡላን ለሚቀጥለው ጥንስስ እርሾ ማድረግ በሽተኛን ዘር እንደ መዝራት ይቆጠራል። ዘር የሚመረጠው ከደህናው ማሳ ነው፤ እርሾም እንዲሁ።

4. ምልክቶቹን እንዴት እንለያለን?

የልማት ሠራተኛው ወደ ማኅበሩ ሲሄድ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማርና ውሃው ስንት በስንት እንደተበረዘ፣ ስኳር ተጨምሮ እንደሆነ፣ ጌሾው በስንት ቀኑ እንደገባና እርሾው ከየት እንደመጣ ነው። ቀጥሎ የሚከተሉትን ይመልከት።

- ጠጁ ጣፋጭ ሆኖ አረፋው ከጠፋና ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ እርሾው ተኝቷል።
- የተበላሸ እንቁላል ሽታ ካለው፣ እርሾው ተርቧል።
- ጣፋጭም ኮምጣጣም ከሆነ፣ ብርዙ ወፍሮ ወይም ሙቀት በዝቶበት ሊሆን ይችላል።
- በላዩ ላይ ሽፋን ሠርቶ ኃይለኛ የኮምጣጤ ሽታ ካለው፣ አየር የሚወዱ የኮምጣጤ ባክቴሪያዎች ገብተውበታል።
- ጣፋጭነቱ ጠፍቶ አረፋው ከቆመ፣ በሽታ አይደለም፤ ጠጁ ደርሷል።

ሃይድሮሜትር ያለው ማኅበር ሥራው ይቀለዋል። አንድ ለአምስት የተበረዘ ብርዝ 1.070 ያህል፣ አንድ ለሦስት የተበረዘው ደግሞ 1.105 እስከ 1.110 ያህል ያነባል። ሲፈላ ንባቡ ቀስ በቀስ ወደ 1.000 ይወርዳል። በተከታታይ 3 ቀን ንባቡ ሳይለወጥ ከ1.020 በላይ ከቀረ ጥንስሱ ቆሟል ማለት ይቻላል። ማይክሮስኮፕ ባለበት ላቦራቶሪ ደግሞ አንድ ጠብታ በሜቲሊን ሰማያዊ ቀለም ይመረመራል። በሕይወት ያለ ሕዋስ ልውጠቱ ስለሚሠራ ቀለሙን አጥፍቶ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የሞተው ግን ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል።

5. መከላከያ

1ኛ. አንድ እጅ ማር ከ4 እስከ 5 እጅ ውሃ ይበረዝ። ጣፋጭ ጠጅ የሚፈለግ ከሆነ ማሩ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ጊዜ ይጨመር፤ ግማሹ በመጀመሪያ፣ ግማሹ መፍላቱ ከበረታ በኋላ።
2ኛ. በተቻለ መጠን የአበባ ዱቄቱ ያልወጣለት ድፍድፍ ማር ይመረጥ። ማሩ የተጣራ ከሆነ ለ10 ሊትር ብርዝ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ የዳቦ እርሾ በጥቂት ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ተቀቅሎና ቀዝቅዞ ይጨመር። የተቀቀለው እርሾ የሞተ ስለሆነ አያፈላም፤ ለሕያዋኑ ግን ጥሩ ምግብ ነው።
3ኛ. በመጀመሪያው ቀን ብርዙ በንጹሕ መቅጃ በደንብ ይማሰል፣ ከዕቃ ወደ ዕቃም ይገልበጥ። መፍላቱ ከበረታ በኋላ ግን አየር እንዳይገባበት ይከደን፤ ሆኖም ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ ይተውለት። ፈጽሞ የታሸገ ዕቃ ሊፈነዳ ይችላል።
4ኛ. የተቀቀለ ጌሾ እጅ የማያቃጥል እስኪሆን ቀዝቅዞ ይግባ።
5ኛ. ጋኑ ታጥቦና በወይራ ታጥኖ ይዘጋጅ። በደጋ በገለባ ወይም በጨርቅ ይሸፈን፤ በቆላ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ይጠምጠምበት።
6ኛ. ለእርሾ የሚቀመጠው አምቡላ በደንብ ከደረሰና መልካም ሽታ ካለው ጠጅ ብቻ ይወሰድ።

6. የቆመን ጥንስስ ስለ ማስነሣት

ብዙዎች የቆመ ጠጅ ላይ ደረቅ እርሾ በላዩ ይበትናሉ። ይህ አይጠቅምም። አልኮል ያልለመደ እርሾ በድንገት ሲገባበት ቆዳው ተጎድቶ ወዲያው ይሞታል። የሚከተለውን እንመክራለን።

መጀመሪያ ጠጁ ከዝቃጩ ላይ ቀስ ተብሎ ይቀዳ። ምክንያቱም የተጨነቀ እርሾ የሚያወጣቸው አንዳንድ የስብ አሲዶች ሌላውን እርሾ ይጎዳሉ፤ የሞተ እርሾ ቅርፊት እነዚህን መርዞች ወደ ራሱ ስለሚስብ ከላይ የተጠቀሰው ቅቅል እርሾ እዚህም ይረዳል። ቀጥሎ በሌላ ንጹሕ ዕቃ 1 ሊትር ቀጭን ብርዝ ተዘጋጅቶ ሕያው እርሾ ይግባበት። በደንብ መፍላት ሲጀምር 1 ሊትር የቆመው ጠጅ ይጨመርበት። ይህ እንደገና ሲፈላ 2 ሊትር፣ ከዚያም 4 ሊትር እያለ በእጥፍ ይጨመር። በዚህ ዓይነት እርሾው አልኮሉን እየለመደ ይሄዳል። በመጨረሻ የቀረው ሁሉ ይጨመርበትና በ20 እና በ25 ዲግሪ መካከል ይቀመጥ።

አልኮሉ ከ12 በመቶ በላይ ከደረሰ ወይም ፈጽሞ ኮምጣጤ ከሆነ ግን ማስነሣቱ ከንቱ ድካም ነው። የመጀመሪያው እንዳለ በጣፋጭነቱ ይሸጥ፤ ሁለተኛው ኮምጣጤነቱ ይሟላና ለዚያው ይዋል።

7. ጥብቅ ማስጠንቀቂያ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እርሾ ናይትሮጅን እንደሚፈልግ ገልጸናል። በሌሎች አገሮች የወይን ጠጅ ፋብሪካዎች ለዚህ ጉዳይ ለምግብነት ተጣርቶ የተዘጋጀ ዳይአሞኒየም ፎስፌት ይጠቀማሉ። ይህ ስም ገበሬው «ዳፕ» ብሎ ከሚያውቀው ማዳበሪያ ጋር አንድ ስለሆነ ስሕተት እንዳይፈጠር በብርቱ እናሳስባለን። ለማሳ የተሠራ ማዳበሪያ ለምግብ አልተጣራም፤ እንደ ካድሚየም ያሉ ለጤና አደገኛ የሆኑ ብረቶች ሊኖሩበት ይችላሉ። ስለዚህ በምንም ዓይነት በጠጅ ውስጥ አይገባም።

ዩሪያም እንዲሁ ክልክል ነው። ቀደም ሲል በአንዳንድ አገሮች ለእርሾ ምግብነት ይሰጥ የነበረ ቢሆንም፣ ዩሪያ ከአልኮል ጋር ሲዋሐድ ኢቲል ካርባሜት የሚባል ካንሰር አምጪ ነገር እንደሚፈጥር ስለታወቀ ተትቷል። የልማት ሠራተኛው ይህን ነጥብ በየስብሰባው ሳይሰለች እንዲያስረዳ አደራ እንላለን። አንድ ጋን ጠጅ ቢበላሽ ማኅበሩ ገንዘብ ይከስራል፤ የጠጪው ጤና ቢበላሽ ግን የሚመልሰው የለም።

በተጨማሪም ጥንስስ የሚፈላበት ቤት መስኮቱ ይከፈት። የሚወጣው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ በዝቅተኛ ቦታና በጥልቅ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሰውንም ያፍናል። ትልቅ በርሜል ለማጠብ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰው በመጀመሪያ በርሜሉን አናፍሶ፣ አጠገቡም ሌላ ሰው አቁሞ መሆን አለበት።

ማጠቃለያ

እርሾ እንደ ማንኛውም እንስሳ ምግብ፣ አየር፣ የተመጠነ ሙቀትና የሚችለውን ያህል ሸክም ይፈልጋል። ላሟን ሳይቀልብ ወተት የሚጠብቅ ገበሬ የለም። ብርዙን መመጠን፣ የአበባ ዱቄቱን አለመጣል፣ በመጀመሪያው ቀን ማማሰልና ጤነኛ እርሾ መምረጥ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ሥራዎች ናቸው። የልማት ሠራተኞች ማኅበራት የእያንዳንዱን ጥንስስ ቀን፣ የማሩንና የውሃውን መጠን፣ የቤቱን ሙቀትና የመጨረሻውን ውጤት በመዝገብ እንዲይዙ ቢያደርጉ፣ አንድ ጊዜ የደረሰው ጥፋት ለሁለተኛው ትምህርት ይሆናል፤ የማኅበሩም ማር በከንቱ አይቀርም።